«ሰሞኑን ምን ሰማህ?» ቀላል ጥያቄ አይደለም

(ከሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)

«ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን ልንገርህ» ይባላል። እኔ ደግሞ አባባሉን ለጋዜጠኛ እንዲመች አድርጌ ትንሽ ላሻሽለው፦ ሰሞኑን የሰማኸውን ዘፈን፣ ያየኸውን ድራማ፣ የእረፍት ሰዓትህን ያሳለፍክበትን ነገር ንገረኝና ቀጥሎ የምትሠራውን ልገምትልህ። በተለይ ተጠያቂው አርቲስት ከሆነ ግምቱ ብዙም አይስትም። ለእኛ ጊዜ ማሳለፊያ የሆነው ነገር ለአርቲስት ስንቅ ነው። ዛሬ የሰማው፣ ትናንት ያየው ነገር ውሎ አድሮ በሥራው ውስጥ ብቅ ይላል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች ቡለቲናችን የመጨረሻ ገጽ ላይ «የሰሞኑ ምርጫዎቼ» የምትል ትንሽ ዓምድ እንዳለች ታውቃላችሁ። አንድ ድምፃዊ፣ ሠዓሊ ወይም ተዋናይ ይጠየቃል፤ ሰሞኑን የወደደውን ሙዚቃ፣ ፊልም፣ መጽሐፍና መዝናኛ ይዘረዝራል፤ በቃ። በቅርቡ በተደረገው የዝግጅት ክፍል ስብሰባ ላይ ግን «ይህች ዓምድ ትውጣና ቦታዋ ለቁም ነገር ይሰጥ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። እንግዲህ ከመወሰኑ በፊት እኔም የበኩሌን ልበል፦ ዓምዷ አትውጣ። ግን አሁን እንዳለችም አትቀጥል!

ለምን አትውጣ እንዳልኩ በመጀመሪያ ላስረዳ፤ እንዴት ትቀጥል የሚለውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰማንያ ዓመት ያለፈው ጥያቄ

«የምትወደውን ንገረን» የሚለው ጥያቄ የሰነፍ ጋዜጠኛ ጥያቄ ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የቢቢሲ ሬዲዮን «ዴዘርት አይላንድ ዲስክስ» የተባለ ፕሮግራም ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1942 ነው። ሐሳቡን ያመነጨውና ለአርባ ዓመታት ያህል ያቀረበው ሮይ ፕላምሊ የተባለ ሰው ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1985 ከሞተ በኋላም ፕሮግራሙ በሌሎች አቅራቢዎች ቀጥሎ ከሦስት ሺህ በላይ ዝግጅቶች ተላልፈውበታል።

ታዲያ የፕሮግራሙ ምስጢር ምንድነው? አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻህን ብትጣል የትኞቹን ስምንት ሸክላዎች ይዘህ ትሄዳለህ? ከዚያ አንድ መጽሐፍና አንድ ለምቾት የሚሆን ዕቃ ይጨመራል። መጽሐፍ ቅዱስና የሼክስፒር ሥራዎች ደሴቱ ላይ ስላሉ እነሱን መምረጥ አይቻልም። ይኸው ነው!

ልብ በሉ፣ ጥያቄው ገደብ አለው። ስምንት እንጂ ሃያ አይፈቀድም። አንድ መጽሐፍ እንጂ ሁለት አይፈቀድም። «ሁሉንም እወዳለሁ» የሚል ሰው እዚያ ቦታ የለውም። ሰው መምረጥ ሲገደድ ደግሞ ራሱን ይገልጣል። ታዋቂዋ የኦፔራ ድምፃዊት ኤሊዛቤት ሽቫርትስኮፍ እ.ኤ.አ. በ1958 በዚህ ፕሮግራም ቀርባ ከስምንቱ ምርጫዎቿ ሰባቱን የራሷን ቅጂዎች አደረገቻቸው። ታሪኩ እስከ ዛሬ እየተነሳ ሰው ይስቅበታል። እስቲ አስቡት፣ ስለ ድምፃዊቷ ከዚህ የበለጠ የሚነግረን የትኛው ጥያቄ ነው? «ራስሽን እንዴት ትመለከቺያለሽ?» ብለው ቢጠይቋት ኖሮ በትሕትና የተሞላ መልስ ነበር የምትሰጠው። ስምንቱ ሸክላዎች ግን አልደበቁላትም።

የሚወዱት ነገር ወደ ሥራ ሲገባ

ቀጥሎ የማነሳው እንግሊዛዊውን ሙዚቀኛ ዴቪድ ቦዊን ነው። ስሙን ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየጊዜው መልኩንም ሙዚቃውንም እየለዋወጠ ዓለምን ያስገረመ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ እሱ የተዘጋጀው ትልቅ ኤግዚቢሽን ካናዳ ሲደርስ ከኤግዚቢሽኑ ጋር አንድ ዝርዝር ይፋ ሆነ፤ ቦዊ የመረጣቸው መቶ መጻሕፍት ዝርዝር። በውስጡ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ይገኝበታል። እንግዲህ ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው «ዳይመንድ ዶግስ» በተባለው አልበሙ ላይ ከዚሁ መጽሐፍ የተቀዱ ዘፈኖች አሉ። አንደኛው ዘፈን ርዕሱ ራሱ «1984» ነው። የንባብ ዝርዝሩን ያየ ሰው የአልበሙን ምንጭ አገኘ ማለት ነው።

ከዚያ የሚበልጠው ግን የመጨረሻ ሥራው ነው። «ብላክስታር» የተባለው አልበሙ እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2016 ወጣ፤ ቦዊ ከሁለት ቀን በኋላ በካንሰር ሞተ። አልበሙ ለብዙዎች እንግዳ ነበር፤ ሮክ ነው እንዳይሉት ጃዝ ይበዛዋል። ይህ ከየት መጣ? መልሱ ያለው «ሰሞኑን ምን ወደድክ?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው። ቦዊ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ጠባብ የጃዝ ቤት ገብቶ የሳክስፎን ተጫዋቹን የዶኒ ማካስሊንን ቡድን አየ፤ ወደዳቸው፤ አልበሙንም ከእነሱ ጋር ሠራ። ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲም በቀረጻው ወቅት የወጣቱን ራፐር የኬንድሪክ ላማርን ሥራዎች አብዝተው ይሰሙ እንደነበር ተናግሯል። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው፣ ታሞ ሳለ፣ በልጁ ዕድሜ ያለ ራፐር እየሰማ ነበር! ይህን አስቀድሞ የጠየቀ ጋዜጠኛ ቢኖር ኖሮ የዓመቱን ትልቅ የሙዚቃ ዜና ከሁሉ ቀድሞ ይጽፈው ነበር።

የእኛ ሰው በሌላ ሰው ጆሮ

ወደ አገራችን እንምጣ። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄን የማያውቅ የለም። የኢትዮ ጃዝ አባት እንላቸዋለን። የተወለዱት ጅማ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ግን ልባቸው ወደ ሙዚቃ አደላ፤ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገቡ፣ ከዚያ አሜሪካ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ኒውዮርክ ሄዱ። በእነዚያ ዓመታት የሰሙት ጃዝና የላቲን ሙዚቃ እንዲሁ ሰምተው የተዉት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ያሳተሙት አልበም ስሙ «አፍሮ ላቲን ሶል» ነው። ርዕሱን ብቻ ያየ ሰው ያኔ ምን ይሰሙ እንደነበር ይገባዋል። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን፣ እነ ትዝታን፣ እነ ባቲን፣ እነ አምባሰልን ከዚያ ጆሮ ጋር ሲያገናኟቸው ዛሬ የምንኮራበት ሙዚቃ ተገኘ። ጋሽ ሙላቱ በቃለ ምልልሶቻቸው ደግመው ደጋግመው የሚያነሱት ሌላም ነገር አለ፤ በደቡብ የሚገኙት የደራሼ ሕዝብ የዋሽንት ጨዋታ። የዘመናዊ ሙዚቃ አዋቂዎች ከደረሱበት ቀድመው የደረሱበት ነገር አለ ባይ ናቸው። ትስማሙም አትስማሙም፣ ሰውየው የሚወዱትን ሲናገሩ ስለ ሙዚቃ ያላቸውን ሙሉ እምነት ነው የሚነግሩን።

አሁን ታሪኩን ገልብጡት። የጋሽ ሙላቱ ሥራ ራሱ የሌላ አርቲስት «የሰሞኑ ምርጫ» ሲሆንስ? ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ፍቅር ወደቀ። ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ። አራተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ የጋሽ ሙላቱን ሥራዎች የያዘ ነበር። ይህን ሙዚቃ ከሚያሳድዱት ሰዎች አንዱ ደግሞ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ ነው። ጃርሙሽ ሙዚቃውን በጣም ስለወደደው በቤቱ ሰምቶ አልበቃውም። ግን አሜሪካ ሰፈር ውስጥ በሚካሄድ ፊልም ላይ የኢትዮጵያን ሙዚቃ እንዴት ያስገባው? መላ መታ፤ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ ያለው ጎረቤት ፈጠረለት! እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ላይ ጄፍሪ ራይት የሚጫወተው ዊንስተን የተባለው ጎረቤት ለቢል መሪ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ቢል መሪም መኪናውን እየነዳ የጋሽ ሙላቱን ሙዚቃ ይሰማል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ ተሸልሟል። ከፊልሙ በኋላ የጋሽ ሙላቱ ስም በውጭው ዓለም በአዲስ መልክ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሌይ በጋራ ባወጡት አልበም የመክፈቻ ዘፈን ላይ «የጌሌ ትዝታ»ን ናሙና አድርገው ተጠቀሙበት።

ነገሩን ስናሳጥረው፦ አንድ ሰው በእረፍት ሰዓቱ የወደደው ሙዚቃ አንድ ገጸ ባሕርይ ወለደ፤ ገጸ ባሕርዩ ሙዚቃውን ለዓለም አስተዋወቀ። «ሰሞኑን ምን ሰማህ?» ቀልድ ነው የሚል ሰው ይህን ታሪክ ምን ሊለው ነው?

በቀደመው ዘመን የነበሩትም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ያረፉት አንጋፋው ድምፃዊ አለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባሉት በከንቱ አልነበረም። እነ ኤልቪስ ፕሪስሊንና ጄምስ ብራውንን ይወዱ ነበር፤ ፍቅሩ በአለባበሱም፣ በፀጉሩም፣ በጩኸቱም ይታያል። አስቴር አወቀም ብዙነሽ በቀለን እያደነቀች ነው ያደገችው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ አለማየሁ ኤልቪስን አልሆኑም፣ አስቴርም ብዙነሽን አልሆነችም። የወደዱትን በራሳቸው ጉሮሮ አሳልፈው ሌላ ነገር አወጡ። ጋዜጠኛ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን መንገድ ነው። ማንን እንደወደዱ ብቻ ሳይሆን ከወደዱት ምኑን ወስደው ምኑን እንደተዉ።

ኳሱም፣ ድራማውም ይነግረናል

መዝናኛ ሲባል ሙዚቃ ብቻ አይደለም። ቦብ ማርሌይን ውሰዱ። ከሙዚቃ ቀጥሎ የሚወደው እግር ኳስ ነበር፤ በየሄደበት ይጫወት ነበር። የቅርብ ጓደኛውና የጉዞ ሥራ አስኪያጁ አለን «ስኪል» ኮል ደግሞ የጃማይካ ኳስ ተጫዋች ነበር። ይህ ሰው በኋላ ወደ እኛ አገር መጥቶ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን አሠልጥኗል። ማርሌይም እ.ኤ.አ. በ1978 ኢትዮጵያን ጎብኝቷል። ሃይማኖቱ ወደዚህ እንደሳበው ግልጽ ነው፤ ግን እዚህ የጠበቀው ወዳጁ በኳስ የመጣ ወዳጅ ነበር። «በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ የማይጠይቅ ጋዜጠኛ እንዲህ ዓይነቱን ክር ከየት ያገኘዋል?

ቴሌቪዥንም እንደዚያው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የተነሳውን ክርክር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ሰፈሩ በሙሉ ማታ ማታ «ጥቁር ፍቅር» ሲያይ ነው። የቲያትርና የፊልም ባለሙያዎች «የአገራችንን ሥራ ይገድላል» ብለው ተቃወሙ፤ ሌሎች ደግሞ «ውድድር ጥሩ ነው» አሉ። በኋላ ለኮርስ ሥራ የዚያን ጊዜ ጽሑፎች ሳገላብጥ አንድ ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ፦ «አንተስ፣ ማታ ቤትህ ገብተህ የምታየው ምንድነው?» የሚለውን። አንድ የድራማ ጸሐፊ የቱርክ ድራማ እያየ «ይህን የትዕይንት አቆራረጥ እኛ ለምን አቃተን?» ብሎ ከሆነ እሱን መስማት ይጠቅመን ነበር። ጭራሽ አላይም ካለም ምክንያቱ ይጠቅመን ነበር። ክርክሩ ግን በመግለጫ ተጀምሮ በመግለጫ አለቀ።

በቅርቡ ለቃለ ምልልስ ኮርስ አንድ ወጣት ክራር ተጫዋች አነጋግሬ ነበር። ማታ ማታ በአንድ የባህል ምግብ ቤት ይሠራል። ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወዳለህ ስለው የተለመደውን መለሰልኝ፦

«ያው ሁሉንም እሰማለሁ።»

«እሺ፣ ትናንት ማታ ከሥራ ወጥተህ ወደ ቤት ስትሄድ ጆሮህ ላይ የነበረውስ?»

ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የማሊው የኮራ ተጫዋች ቱማኒ ዲያባቴ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው። ኮራ ሃያ አንድ ክር አለው።

«እሱ በሃያ አንድ ክር የሚሠራውን እኔ በስድስት ክር ምን ያህሉን ማውጣት እንደምችል እየሞከርኩ ነው» አለኝና ክራሩን አንስቶ አሳየኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የነበረኝ ማስታወሻ «ሙዚቃ የጀመርኩት በልጅነቴ ነው» ምናምን የሚል ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ታሪክ አገኘሁ። ልዩነቱን ያመጣው «ትናንት ማታ» የምትለዋ ቃል ናት።

ተቃውሞዎቹን እንስማ

ዓምዷ ትውጣ የሚሉት ወገኖች ሦስት ምክንያት አላቸው። ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ «አገር ስንት ጣጣ አለባት፣ የአርቲስት ፕሌይሊስት ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቡለቲናችን አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ናት። ግን ቁም ነገር የሚባለው ምንድነው? ስለ ኑሮ ውድነት መጻፍ ቁም ነገር ነው። የዚህ ትውልድ ጆሮና ዓይን ምን እየበላ እንደሆነ መመዝገብም ቁም ነገር ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን ሙዚቃ ሊያጠና የሚመጣ ሰው ኮንሰርቱ የት እንደተደረገ በቀላሉ ያገኘዋል። ሙዚቀኛው በዚያ ወር ምን ይሰማ እንደነበር ግን የሚያገኘው አንድ ሰው ጠይቆ ጽፎለት ከሆነ ብቻ ነው። ስለ አለማየሁ እሸቴና ስለ ጋሽ ሙላቱ የወጣትነት ጆሮ ዛሬ የምናውቀው እነሱ በኋላ ስለተናገሩ ነው። ሳይጠየቁ ያለፉትስ ስንት ናቸው?

ሁለተኛ፣ «ማስታወቂያ ይሆናል» ይላሉ። ይህኛው ከሁሉም የከበደ ነው። አርቲስቱ የጓደኛውን አልበም፣ የአሠሪውን ድራማ፣ የከፈለውን መጠጥ ቤት «የሰሞኑ ምርጫዬ» ብሎ ሊያስገባ ይችላል። ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሬዲዮ ሙዚቃ አቅራቢዎች ከሸክላ አሳታሚዎች ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈኖችን «ወደድኩት» እያሉ ያጫውቱ ነበር። ነገሩ «ፔዮላ» የሚል ስም ወጣለት። በዘመኑ እጅግ ታዋቂ የነበረው አቅራቢ አለን ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ1959 በዚህ ሰበብ ሥራውን አጣ፤ በኋላም ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛነቱን አመነ። ዛሬ ደግሞ በቲክቶክና በቴሌግራም ላይ «ይህን ዘፈን ሱስ አስያዘኝ» የሚለው ሰው ተከፍሎት ይሁን ከልቡ መለየት አስቸጋሪ ሆኗል። ግን እንግዲህ እኔ የምጠይቀው፦ ማስታወቂያ ይሆናል ብለን ጥያቄውን እንተወው ወይስ ማስታወቂያ እንዳይሆን አድርገን እንጠይቀው? ጋዜጠኝነት የምንማረው ለሁለተኛው መሰለኝ።

ሦስተኛ፣ «መልሶቹ አንድ ዓይነት ናቸው» ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ። ያለፉትን የዓምዷን መልሶች አንድ ላይ ብታነቧቸው አንድ ሰው የመለሳቸው ይመስላሉ። ሙዚቃ? የጥላሁን ገሠሠ። መጽሐፍ? «ፍቅር እስከ መቃብር»። ትርፍ ጊዜ? ማንበብና ከቤተሰብ ጋር መሆን። እንዴ! ይህ እኮ የሥራ ማመልከቻ ላይ የሚሞላ ነው። ጥላሁንን የማይወድ ማን አለ? የሐዲስ ዓለማየሁንስ መጽሐፍ የማያከብር? ችግሩ ግን ከተጠያቂው አይደለም። «የምትወደው» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚያስከብረውን ይመልሳል። «ትናንት ማታ» ተብሎ የተጠየቀ ግን የሠራውን ይናገራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ወቅሶ መሄድ ብቻ እንዳይሆን ለዝግጅት ክፍሉ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ገደብ ይኑር። አምስት ነገሮች ብቻ፤ ሁሉም ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የተሰሙ፣ የታዩ፣ የተነበቡ ወይም የተደረጉ ይሁኑ። «ሁልጊዜ የምወደው» የሚባል ነገር አይግባ።

ሁለተኛ፣ የራስ ሥራ አይቆጠር። የኦፔራ ድምፃዊቷን ታሪክ ከላይ አይተናል፤ አንድ ጊዜ ያስቃል፣ በየእትሙ ግን ይሰለቻል። የጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ሥራ ከተመረጠ ዝምድናው በግልጽ ይጻፍ፦ «አብረን እንሠራለን» ማለት አያሳፍርም፣ መደበቁ ነው የሚያሳፍረው።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ምርጫ ቀጥሎ «ምኑን?» የሚል ጥያቄ ግዴታ ይሁን። የዘፈኑን ምኑን? መግቢያውን? ከበሮውን? ግጥሙን? የድራማውን የትኛውን ትዕይንት? ለ«ምኑን» መልስ የሌለው ምርጫ አይታተም።

አራተኛ፣ ጀምሮ የተወው ነገር ይጠየቅ። ሰው ያልጨረሰው መጽሐፍ ወይም ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ያቋረጠው ድራማ ከጨረሰው ያላነሰ ይናገራል። እዚህ ላይ ሰው ማዋረድ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደተወው እንጂ ማን እንደሠራው ዋናው ነገር አይደለም።

አምስተኛ፣ ጠያቂው ራሱ ይስማ፣ ይይ። ተጠያቂው የጠራውን ዘፈን ሳይሰማ፣ ፊልሙን ሳያይ ወደ ኅትመት አይላክ። የሥራው ስም፣ የሠሪው ስም፣ የወጣበት ዓመት ተጣርቶ ይጻፍ። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ግን ማጣራት የሚባለውን ነገር ለመለማመድ ከዚህ የቀለለ ሜዳ የት ይገኛል?

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ አርቲስት የምንለውን ሰው እናስፋው። እስካሁን ዓምዷ የምታውቀው በቴሌቪዥን የታየ ሰው ብቻ ነው። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት የሱቅ ጽሑፍ የሚጽፈው ሠዓሊ አርቲስት አይደለም እንዴ? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥለው፣ በሠርግ ቤት የሚያዜመው አዝማሪ፣ ፎቶ ቤት የሚሠራው ልጅ ምን እያዩና ምን እየሰሙ ነው? እነሱን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ሥራ ሲያጡ የሚጫወቱት ዳማም ቢሆን፣ የሚያዩት የእንግሊዝ ኳስም ቢሆን ይጻፍ። ታዋቂው ሰው እኛ ባንጠይቀው ሌላ ይጠይቀዋል፤ እነዚህን ግን እኛ ካልጠየቅናቸው ማንም አይጠይቃቸውም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ብር አያስፈልግም፣ ካሜራ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ግማሽ ገጽ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና «ሁሉንም እሰማለሁ» ሲባል በዚያ ረክቶ የማይነሳ ተማሪ ነው። ዝግጅት ክፍሉ ከፈቀደ የሚቀጥለውን እትም ዓምድ በዚህ ደንብ ለማዘጋጀት እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ወጥቶ ካልጣማችሁ ያኔ አውጧት፤ እኔም አልከራከርም። ሳይሞከር መቁረጡ ግን ዘር ሳይዘሩ መሬቱ አያፈራም እንደማለት ነው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር ልጠይቅና ልሰናበት። ክፍል ውስጥ ስለ ቃለ ምልልስ ዘዴ ብዙ አስተምራችሁናል፤ እናመሰግናለን። ግን እናንተስ ሰሞኑን ምን ሰማችሁ? ምኑንስ ወደዳችሁት? መልሱን ለዝግጅት ክፍሉ ብትልኩ ቦታ የሚጠፋ አይመስለኝም። «ሁሉንም» የሚለው መልስ ግን ተቀባይነት የለውም!

ቸር ያሰንብተን።